ሁለት ቀን ብቻ የሚያገለግል ፊልም፤ ተሽጦ ያልተሸጠው የዲቪክስ ዲስክ

በአዲስ አበባ የቪዲዮ ቤቶች በደሩባቸው ዓመታት ካሴት የተከራየ ሰው ሁለት ነገር አይዘነጋም ነበር። አንደኛው መታወቂያውን ወይም ማስያዣ ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ ትቶ መውጣቱን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ካሴቱን በቀኑ ካልመለሰ የሚጠብቀውን መቀጫ። ዕቃው የቪዲዮ ቤቱ ነው፤ ተከራዩ የሚከፍለው ለጊዜው ነው። ይህን አከራዩም ተከራዩም ስለሚያውቁት በውሉ ላይ ብዙ ክርክር አይነሳም።

እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ገበያ ላይ የወጣ አንድ ዲስክ ግን ይህን የታወቀ ውል አዛባው። ገዢው 4 ዶላር ከ49 ሳንቲም ከፍሎ ፊልሙን ይዞ ይሄዳል። መመለስ የለም፣ መቀጫም የለም። ይሁን እንጂ ፊልሙን ማየት ከጀመረበት ደቂቃ አንስቶ 48 ሰዓት ሲሞላ ዲስኩ ይቆለፋል። እንደገና ለማየት እንደገና መክፈል ግድ ነው። ዲስኩ በገዢው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ፊልሙ ግን የእርሱ አይደለም። “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ማለት ይህ ነው።

ዕቃው “ዲቪክስ” ይባላል። ከጀርባው የቆመው በወቅቱ በኤሌክትሮኒክስ ችርቻሮ ንግድ ከአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የነበረው ሰርኪት ሲቲ ኩባንያ ነበር። በመላ አገሪቱ መሸጥ ከጀመረ ዓመት ሳይሞላው ሥራው ተዘጋ። ኩባንያውም በመዝጊያው ሩብ ዓመት ብቻ ከታክስ በኋላ 114 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ከብዙዎቹ የከሸፉ ሸቀጦች አንዱ ሆኖ በተረሳ ነበር። የሚገርመው ዲስኩ ቢሞትም ሐሳቡ አለመሞቱ ነው። ዛሬ በኢንተርኔት ፊልም የሚከራይ ሰው የሚፈርመው ውል ከዲቪክስ ውል ብዙም አይለይም።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ዲቪክስን ለመረዳት በቅድሚያ የፊልም ኪራይ ንግድ በዚያን ዘመን እንዴት ይሠራ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት አንድ ሰው በሕጋዊ መንገድ የገዛውን ካሴት ወይም መጽሐፍ መልሶ ሊሸጠው ወይም ለሌላ ሊያውሰው ይችላል። ካሴት ከሆነ ደግሞ ሊያከራየው መብቱ ነው። ባለመብቱ ገቢ የሚያገኘው ከመጀመሪያው ሽያጭ ላይ ብቻ ነው። አንድ የቪዲዮ ቤት አንድን ካሴት ሁለት መቶ ጊዜ ቢያከራየው ፊልሙን የሠራው ስቱዲዮ ከሁለት መቶው ኪራይ ላይ ሳንቲም አይደርሰውም።

ስቱዲዮዎቹ ለዚህ ያገኙት መላ ለኪራይ የሚውለውን አዲስ ካሴት ዋጋ ማናር ነበር። ለቪዲዮ ቤቶች የሚሸጠው የአንድ አዲስ ፊልም ካሴት ዋጋ እስከ 100 ዶላር ይደርስ ነበር። የቪዲዮ ቤቶቹም ዋጋው ስለሚከብዳቸው ጥቂት ቅጂ ብቻ ይገዛሉ። ደንበኛው አርብ ማታ ሲመጣ “ወጥቷል” ይባላል። ስቱዲዮው፣ አከራዩና ተመልካቹ ሦስቱም በየበኩላቸው ቅር ይሰኛሉ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1997 ዲቪዲ አሜሪካ ሲገባ ሁኔታው ሌላ መልክ ያዘ። ምስሉ ጥራት አለው፣ ዲስኩ በርካሽ ይታተማል፣ ዋጋውም ከ20 እስከ 25 ዶላር ባለው ውስጥ ስለሆነ ተራው ሸማች ገዝቶ ቤቱ ሊያስቀምጠው ይችላል። ሆኖም አንዳንድ ስቱዲዮዎች ጥራት ያለው ዲጂታል ቅጂ በገፍ ገበያ ውስጥ መግባቱ አሰጋቸው። ከኪራዩ ገንዘብ አሁንም ድርሻ የላቸውም። በዚያ ላይ ቅጂው ይሰረቃል የሚል ፍርሃት ነበረባቸው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1997 ሰርኪት ሲቲና በሎስ አንጀለስ የመዝናኛ ኢንዱስትሪውን ጉዳይ የሚይዝ አንድ የጠበቆች ድርጅት በሽርክና ያቋቋሙት “ዲጂታል ቪዲዮ ኤክስፕረስ” ዲቪክስን ይፋ ያደረገው በዚህ መካከል ነበር። ለስቱዲዮዎቹ የቀረበው ሐሳብ አጓጊ ነው። ፊልሙ በታየ ቁጥር ገንዘብ ይመጣል። አከራይ የሚባል በመካከል የለም። ቅጂውም በጥብቅ ኮድ የተቆለፈ ነው። ዲዝኒ፣ ፓራማውንት፣ ዩኒቨርሳል፣ ፎክስ፣ ኤምጂኤምና ድሪምወርክስ ፊልሞቻቸውን በዚህ መንገድ ለማውጣት ተስማሙ። ዲቪዲን ቀድሞ ሲያስተዋውቅ የነበረው ዋርነርና የሶኒው ኮሎምቢያ ትራይስታር ግን አልገቡበትም።

ዲስኩ እንዴት ነው የሚቆለፈው?

ብዙ ሰው ዲስኩ ራሱ ከ48 ሰዓት በኋላ የሚበላሽ ይመስለው ነበር። እንደዚያ አይደለም። ዲስኩ ከጊዜ በኋላም ደህና ነው፤ የሚዘጋው ፈቃዱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ የዲቪክስ ዲስክ ከመሐል ቀዳዳው አጠገብ እንደ ባርኮድ ያለ የራሱ መለያ ቁጥር ተቀርጾበታል። በመሆኑም የአንድ ፊልም ሁለት ዲስኮች እንኳ ለማሽኑ አንድ አይደሉም። ፊልሙ በምስጢራዊ ኮድ ስለተቆለፈ ተራ የዲቪዲ ማጫወቻ ሊያነበው አይችልም። የዲቪክስ ማጫወቻ የሚባል ለብቻው የተሠራ ማሽን መግዛት ያስፈልጋል። ይህ ማጫወቻ ተራውን ዲቪዲም ስለሚያጫውት ሻጮቹ “ሁለቱንም የሚያደርግ” እያሉ ያሞግሱት ነበር።

ማጫወቻው ከቤቱ የስልክ መስመር ጋር ይያያዛል። ሰው በተኛበት ሰዓት፣ በወር ሁለት ጊዜ ያህል፣ ራሱ ወደ ማዕከሉ ይደውላል። የትኛው ዲስክ መቼ እንደታየ ያስታውቃል፣ ሒሳቡም በደንበኛው የክሬዲት ካርድ ላይ ያርፋል። የመጀመሪያው 48 ሰዓት በግዢው ዋጋ ውስጥ የተካተተ ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሌላ 48 ሰዓት 3 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይከፈላል። ፊልሙን ወድዶት ለሁልጊዜ እንዲከፈትለት የሚፈልግ ደግሞ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ “ዲቪክስ ሲልቨር” ወደሚባለው ደረጃ ያሳድገዋል። ይህም ቢሆን የሚሠራው በዚያው ደንበኛ ሒሳብ በተመዘገበ ማጫወቻ ላይ ብቻ ነበር። ለጓደኛ ቢያውሱት ጓደኛው በራሱ ማሽን እንደ አዲስ ይከፍላል።

በዚህ ምክንያት ሁለት ዓይነት ቅሬታ ተነሳ። አንደኛው አንድ ቤተሰብ ሳሎኑ ውስጥ የትኛውን ፊልም በየትኛው ቀን እንዳየ የሚመዘግብ ማዕከል መኖሩ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ የንግድ ጥያቄ ነበር። ማዕከሉ አንድ ቀን ስልክ ማንሳቱን ቢተውስ? ጠያቂዎቹ ብዙም ሳይቆዩ መልሱን አገኙ።

ሒሳቡ ሲሰላ

የዲቪክስ ሽያጭ በሰኔ 1998 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢና በቨርጂኒያዋ ሪችመንድ ለሙከራ ተጀመረ። ሪችመንድ የሰርኪት ሲቲ ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኝባት ከተማ ናት። ሲጀመር የነበረው ማጫወቻ የዜኒት ሥሪት የሆነ አንድ ዓይነት ብቻ ነበር። በመላ አገሪቱ መሸጥ የጀመረው በመስከረም መጨረሻ 1998 ነው።

ሸማቹ ያደረገው ስሌት ቀላል ነበር። የዲቪክስ ማጫወቻ ከተመሳሳይ የዲቪዲ ማጫወቻ በ100 ዶላር ያህል ይወደዳል። አንድ ቤተሰብ በዚህ ማሽን 50 የዲቪክስ ፊልም ቢያይ ከማጫወቻው ብልጫ በእያንዳንዱ ፊልም ላይ 2 ዶላር ይጨመራል። ስለዚህ አንዱ ፊልም 4 ዶላር ከ49 ሳንቲም ሳይሆን 6 ዶላር ከ49 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው። ከቪዲዮ ቤት ማከራየቱ ግን ከ3 እስከ 4 ዶላር ነው።

ፊልሙን ደጋግሞ ለሚያይ ሰው ነገሩ ይብሳል። ለመጀመሪያው ጊዜ 4 ዶላር ከ49 ሳንቲም፣ ከዚያ በኋላ ለአምስት ጊዜ 3 ዶላር ከ25 ሳንቲም ሲከፈል ድምሩ 20 ዶላር ከ74 ሳንቲም ይመጣል። በዚህ ገንዘብ ፊልሙን በዲቪዲ ገዝቶ የፈለገውን ያህል ማየት፣ ማዋስና መልሶ መሸጥም ይቻላል። ልጆች ያሉበት ቤት አንድን የካርቱን ፊልም በወር ውስጥ ስድስት ጊዜ ማየት እንደሚችል የማያውቅ ወላጅ የለም።

ታዲያ ዲቪክስ የሚጠቅመው ማንን ነበር? አንድን ፊልም አንዴ ብቻ የሚያየውን፣ ወደ ቪዲዮ ቤት መመላለሱ የሚታክተውንና በመቀጫ የተማረረውን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በእርግጥ ብዙ ነበር። ዲስኩን ገዝቶ ለወራት ሳያየው ቢቆይ እንኳ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ማየት ሲጀምር በመሆኑ አይጎዳም። ሐሳቡ ከመሠረቱ የማይረባ አልነበረም ማለት ነው። ችግሩ ይህ ሰው ጥቅሙን ለማግኘት አስቀድሞ ውድ ማሽን እንዲገዛ፣ የስልክ መስመር እንዲዘረጋና የክሬዲት ካርድ ቁጥሩን እንዲያስመዘግብ መጠየቁ ነው። ሰነፍ ለመሆን ይህን ሁሉ መድከም አለበት።

ገንዘብ አውጥቶ ጥሩ ቴሌቪዥንና ድምፅ ማጉያ የሚገዛው ቀናተኛ የፊልም ወዳጅ ደግሞ ሌላ ቅሬታ ነበረው። አብዛኞቹ የዲቪክስ ፊልሞች የምስላቸው ጎንና ጎን ተቆርጦ ለተራው ቴሌቪዥን እንዲስማሙ የተዘጋጁ ነበሩ። በዲቪዲ ላይ የሚገኙት የዳይሬክተር ማብራሪያና ተጨማሪ ምስሎችም የሉባቸውም። አዲስ ዕቃ ገበያ ላይ ሲወጣ ቀድሞ የሚገዛውና ለጎረቤቱ የሚመሰክረው ይኸው ሰው ነው። ዲቪክስ ምስክሩን ገና ከጅምሩ ተቃዋሚው አደረገው።

ተፎካካሪ ለተፎካካሪ አይሸጥም

በወቅቱ እንደተዘገበው እስከ 1998 መጨረሻ ወደ 87 ሺህ የሚሆኑ ማጫወቻዎችና ወደ 535 ሺህ የሚጠጉ ዲስኮች ተሸጠዋል። ለአዲስ ዕቃ ቁጥሩ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ለአንድ ማጫወቻ የሚደርሰው ስድስት ዲስክ ያህል ብቻ ነው። ትርፉ ይመጣል የተባለው ከማጫወቻው ሳይሆን ከዲስኩና ከድጋሚ ክፍያው በመሆኑ ስድስት ዲስክ ሥራውን አያቆመውም።

ከሸማቹ በተጨማሪ ሌላ ትልቅ እንቅፋት ነበር። አንድ አዲስ የዲስክ ዓይነት ሥር እንዲሰድ በሁሉም መደብር መገኘት አለበት። ዲቪክስ ግን የሰርኪት ሲቲ ንብረት ነው። ከእርሱ ጋር የሚፎካከር ቸርቻሪ ዲቪክስን በሸጠ ቁጥር የባላጋራውን ካዝና ይሞላል። ያ ብቻ አይደለም። ደንበኛው ዲስኩን ቤቱ ወስዶ በከፈለ ቁጥር ገንዘቡ ወደ ባላጋራው ይሄዳል። ጥቂት የክልል ቸርቻሪዎች ለመሸጥ ቢስማሙም ዋናዎቹ ተፎካካሪዎች አልነኩትም። የቪዲዮ አከራይ ድርጅቶች ደግሞ እነርሱን ለመተካት የተሠራን ዕቃ በመደርደሪያቸው ላይ የሚያስቀምጡበት ምክንያት አልነበራቸውም።

በዚህ መካከል ዲቪዲ በጸጥታ ሥራውን ይሠራ ነበር። የማጫወቻው ዋጋ በየወሩ ይወርዳል፣ የፊልሙ ዓይነት ይበዛል። ለዲቪክስ ፊልም የሰጡት ስቱዲዮዎችም አንድ በአንድ ያንኑ ፊልም በዲቪዲ ማውጣት ጀመሩ። ሰው በሁለት ዓይነት ዲስክ መካከል ምረጥ ሲባል በአብዛኛው የማይቆለፈውን መረጠ።

ለመመለሱና ለመቀጫው ችግርም ሌላ መፍትሔ መጣ። ዲቪክስ ለሙከራ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ በሚያዝያ 1998፣ ኔትፍሊክስ የሚባል አነስተኛ ድርጅት ዲቪዲ በፖስታ ማከራየት ጀመረ። በ1999 ደግሞ የወር ክፍያ አሠራር አመጣ። ደንበኛው በወር የተወሰነ ገንዘብ ከፍሎ ዲስኩን እስከፈለገው ቀን ያቆየዋል። ሲጨርስ የፖስታ ዋጋው በተከፈለበት ኤንቨሎፕ ውስጥ ከትቶ ይልከዋል። መመለሻ ቀን የለም፣ መቀጫ የለም። ልዩ ማሽንም ሆነ የስልክ መስመር አላስፈለገውም። ሰርኪት ሲቲ በብዙ ሚሊዮን ዶላርና በምስጢራዊ ኮድ ሊፈታው የሞከረውን ችግር ኔትፍሊክስ በኤንቨሎፕ ፈታው።

መዝጊያው

ሰኔ 16 ቀን 1999 ሰርኪት ሲቲ ዲቪክስን መዝጋቱን አስታወቀ። ኩባንያው በበኩሉ የስቱዲዮዎችና የሌሎች ቸርቻሪዎች በቂ ድጋፍ አለመገኘቱን በምክንያትነት ጠቅሷል። ከዚያ ቀን በፊት የዲቪክስ ማጫወቻ ለገዙ ሁሉ 100 ዶላር እንደሚመለስላቸው ተገለጸ። ይህም ከዲቪዲው በላይ ከፍለውት የነበረው ብልጫ ነው። ማዕከሉም ለሁለት ዓመት ያህል እንዲቆይ ተደርጎ በሐምሌ 2001 መስመሩ ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የዲቪክስ ዲስክ በየትኛውም ማሽን አልሠራም። አንዴ ብቻ የታየውም፣ ሦስት ጊዜ የተከፈለበትም፣ ከማሸጊያው ያልወጣውም አንድ ሆነ። ለሁልጊዜ ይከፈታል የተባለው “ሲልቨር” ሳይቀር በማዕከሉ ዕድሜ የተወሰነ ነበር። ማጫወቻዎቹ ግን ተራ ዲቪዲ ማሳየታቸውን ቀጠሉ። የ100 ዶላሩን ተመላሽ የወሰደ ሰው ስለዚህ ክፉኛ አልተጎዳም ማለት ይቻላል። ጉዳቱ የወደቀው በባለአክሲዮኖቹ ላይ ነው።

ሰርኪት ሲቲ ከዚህ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ቆይቶ በኅዳር 2008 ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ፤ በመጋቢት 2009 የመጨረሻዎቹን መደብሮቹን ዘጋ። ለውድቀቱ ዲቪክስን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ልክ አይሆንም። ሆኖም ተፎካካሪዎቹ መደብሮቻቸውን በሚያድሱባቸው ዓመታት የእርሱ ገንዘብና የአመራሩ ሐሳብ ሌላ ቦታ እንደነበር አይካድም።

ስሙም ቢሆን አላረፈም። በ1999 አንድ ፈረንሳዊ ፊልም ጨምቆ በአንድ ሲዲ ላይ የሚያሳርፍ ፕሮግራም ሲያወጣ በፌዝ ስሙን “ዲቪክስ” አለው። ፊልም እንዳይገለበጥ የተፈጠረው ዕቃ ስም ፊልም ለመገልበጥ የሚያመች ዘዴ መጠሪያ ሆነ። ኋላም ፕሮግራሙ ሕጋዊ ኩባንያ ወጣለት። በአዲስ አበባ ሱቆች ከተሸጡት የዲቪዲ ማጫወቻዎች በብዙዎቹ ፊት ላይ ይታይ የነበረው “ዲቪክስ” የሚል ጽሑፍ ይኼኛው እንጂ የሰርኪት ሲቲው አይደለም።

አየር ሲነካው የሚጠቁረው ዲስክ

የዲቪክስን ውድቀት ያዩ ሌሎች ነጋዴዎች “ስህተቱ ማሽኑና ስልኩ ነው” አሉ። ፍሌክስፕሌይ የተባለው ኩባንያ በተለመደው የዲቪዲ ማጫወቻ የሚሠራ፣ ነገር ግን ራሱን የሚያጠፋ ዲስክ ሠራ። ምስጢሩ ኮድ ሳይሆን ኬሚስትሪ ነው።

ዲቪዲ ከሁለት ስስ የፕላስቲክ ገበታዎች ተጣብቆ ይሠራል። ፍሌክስፕሌይ በማጣበቂያው ውስጥ ኦክስጅን ሲያገኘው የሚጠቁር ቀለም ጨመረበት። ዲስኩ አየር በማያስገባ ማሸጊያ ተዘግቶ ይሸጣል። ገዢው ማሸጊያውን ሲቀድደው አየር በፕላስቲኩ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ከ48 ሰዓት ገደማ በኋላ ቀዩ ዲስክ ጠቁሮ የማጫወቻው የሌዘር ጨረር ሊያልፈው አይችልም። የሚደወልለት ማዕከል የለም፣ የሚመዘገብ ስም የለም።

ዲዝኒ ይህንን “ኢዚ ዲ” በሚል ስም በነሐሴ 2003 በተወሰኑ የአሜሪካ ከተሞች ለሙከራ አወጣው። ዋጋው ከ5 እስከ 7 ዶላር ባለው ውስጥ ነበር። በመድኃኒት ቤትና በግሮሰሪ መደብሮች ሳይቀር ይሸጥ ነበር። እዚህም ላይ ሸማቹ ሒሳቡን ሠራ። በቅርቡ ቪዲዮ ቤት እያለ ለሁለት ቀን ፊልም 7 ዶላር ማውጣት አልታየውም። በዚያ ላይ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች ሁለት ቀን አገልግሎ ቆሻሻ የሚሆን ፕላስቲክ መሸጥ አግባብ አይደለም ሲሉ ተነሱ። ያገለገለውን ዲስክ ሰብስቦ መልሶ ለመጠቀም የተደረገው ጥረትም የታሰበውን አላስገኘም። ዲስኩን ይዞ መመለስ ካለበት መከራየቱ ምን ነበረበት? ሙከራው ሳይገፋ ቀረ። በ2008 ስቴፕልስ በተባሉት የጽሕፈት ዕቃ መደብሮች በ4 ዶላር ከ99 ሳንቲም ዳግም ቢሞከርም ገበያ አላገኘም።

ዲስኩ ሲቀር ሐሳቡ አሸነፈ

በዚያው በ2008፣ በጥር ወር፣ አፕል በአይቲውንስ መደብሩ ፊልም ማከራየት ጀመረ። የቆየ ፊልም 2 ዶላር ከ99 ሳንቲም፣ አዲስ ፊልም 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም። ደንበኛው ፊልሙን ካወረደ በኋላ ማየት ለመጀመር 30 ቀን ጊዜ አለው፤ ከጀመረ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ መጨረስ ነበረበት። ጊዜው ሲያልፍ ፋይሉ ራሱ ይጠፋል። ኋላ ላይ 48 ሰዓት በብዙ ሻጮች ዘንድ የተለመደ ሆነ። ይህ የዲቪክስ ሰዓት ነው።

በዲቪክስ ላይ የተቆጣው ገበያ ይህኛውን ያለ ብዙ ማጉረምረም ተቀበለው። ለምን? አንደኛ፣ ደንበኛው ለዚህ ሲባል የሚገዛው ልዩ ማሽን የለም፤ ኮምፒውተሩ ቀድሞም ቤቱ ነበር። ሁለተኛ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ “ከፍለህብኝ አልሠራም” የሚል ዲስክ የለም። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ ነገሩ በስሙ ተጠርቷል። “ኪራይ” ተባለ። ሰው ለሁለት ቀን መክፈሉን አይጠላም፤ የሚጠላው የገዛ መስሎት መከራየቱን ሲደርስበት ነው።

ገደቡ በጊዜ ብቻ ሳይሆን በቁጥርም መጥቷል። ማይክሮሶፍት በ2006 ባወጣው ዙን በተባለው የሙዚቃ ማጫወቻ አንድ ሰው ለጓደኛው የላከው ዘፈን ሦስት ጊዜ ከተሰማ ወይም ሦስት ቀን ካለፈው ይቆለፍ ነበር። ሃርፐር ኮሊንስ የተባለው አሳታሚ ደግሞ በ2011 ለቤተ መጻሕፍት የሚሸጠው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ፈቃዱ እንዲያበቃ ወሰነ። በሁለት ሳምንት ውሰት ሲሰላ የመጽሐፉ ዕድሜ አንድ ዓመት ነው ማለት ነው። የወረቀት መጽሐፍም በብዙ እጅ ሲያልፍ ይበጣጠሳል፣ ቤተ መጻሕፍቱም ሌላ ይገዛል የሚል መከራከሪያ ቀረበ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች በበኩላቸው የተቀደደ ገጽ በሙጫ ይጠገናል፣ የተቆለፈ ፋይል ግን አይጠገንም ሲሉ ተቃወሙ።

ለአዲስ አበባ ሸማችም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የሞባይል ጥቅል የሚገዛ ሰው የቀን፣ የሳምንት ወይም የወር ገደቡን ያውቃል። ጥቅሉ ሳያልቅ ቀኑ ያልቃል። ሆኖም ገደቡ አስቀድሞ ተነግሮት፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ተቀምጦለት ስለሚገዛ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ፍጆታውን አስልቶ ነው።

“ግዛ” የሚለው ቃል ዋጋ

አከራካሪው ጉዳይ የቀረው “ግዛ” በሚለው ቃል ላይ ነው። በሐምሌ 2009 አማዞን ሕጋዊ መብት በሌለው ሻጭ አማካይነት የቀረቡ ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍትን ከገዢዎች የንባብ መሣሪያ ላይ በርቀት ሰረዘ። ገንዘቡን መልሷል፤ ኋላም የኩባንያው ኃላፊ ይቅርታ ጠይቀዋል። ከተሰረዙት መጻሕፍት አንዱ መንግሥት ያልወደደው ጽሑፍ ሁሉ ስለሚጠፋበት ዓለም የሚተርከው “1984” መሆኑ ነገሩን ይበልጥ አነጋጋሪ አድርጎት ነበር። በሐምሌ 2019 ደግሞ ማይክሮሶፍት የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ “የተገዙት” መጻሕፍት ሁሉ መከፈት አቆሙ። ኩባንያው ዋጋቸውን መለሰ። በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ ማስታወሻ ለጻፉ ደግሞ 25 ዶላር ጨመረላቸው። ማስታወሻው ግን ከመጽሐፉ ጋር ሄደ።

እነዚህ ሁሉ የዲቪክስ ገዢዎች በ2001 ያዩት ነገር ድጋሚ ናቸው። ማዕከሉ ሲዘጋ ዕቃው ይዘጋል። ልዩነቱ ያኔ ጥያቄው የጥቂት አሥር ሺህ ቤተሰቦች ነበር፤ ዛሬ ግን ፊልሙን፣ ሙዚቃውንና መጽሐፉን በኢንተርኔት የሚገዛ ሁሉ ጥያቄ ነው።

በሕግ በኩል አንድ እርምጃ የወሰደችው የካሊፎርኒያ ግዛት ናት። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት አንድ ሻጭ በኋላ ሊነጠቅ የሚችል ዲጂታል ዕቃ እየሸጠ “ግዛ” የሚል ቁልፍ ማስቀመጥ የሚችለው፣ ደንበኛው የሚያገኘው ባለቤትነት ሳይሆን ፈቃድ መሆኑን በግልጽ ካሳወቀው ብቻ ነው። ሕጉ ፋይሉ እንዳይቆለፍ አያስገድድም። የሚያስገድደው እውነቱ እንዲነገር ነው።

በዲቪክስ ታሪክ ውስጥ ለነጋዴም ለሸማችም የሚቀር ነገር ካለ ይኸው ነው። ዕድሜው የተወሰነ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም፤ ዋጋው ከዕድሜው ጋር ከተመጣጠነ ገበያ ያገኛል። ገዢው ደግሞ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ “ሻጩ ነገ ቢዘጋ ይህ ዕቃ ይሠራል?” መልሱ “አይሠራም” ከሆነ የከፈለው የኪራይ ነውና የኪራይ ዋጋ ይክፈል።